ልምድ የቤት ኪራይ አይከፍልም

ለንደን ወይም ኒውዮርክ ባለ፣ የደራሲያንን ረቂቅ ለአሳታሚ በሚያሻሽጥ የወኪል ቢሮ ለጥቂት ሳምንታት ኢንተርን መሆን ለመጽሐፍ ወዳድ ወጣት እንደ ትልቅ ዕድል ይቆጠራል። ደመወዝ የሌለበት፣ ቢበዛ የትራንስፖርት የሚሰጥበት ቢሮ ዛሬም አልጠፋም። «ልምዱ ራሱ ክፍያ ነው» ይባላል። እኔ ደግሞ በጨዋ ቋንቋ የተሸፈነ የጉልበት ብዝበዛ ነው እላለሁ።

እስቲ ሥራውን እንየው። ኢንተርኗ ጠዋት የቢሮውን ኢሜይል ትከፍታለች። ደራሲያን በራሳቸው ተነሳሽነት የላኳቸው ረቂቆች ተከማችተው ይጠብቋታል፤ አንድ ደብዳቤ፣ የታሪኩ ማጠቃለያ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች። ደህና የመሰላትን ሙሉውን ታነብና ሪፖርት ትጽፋለች፦ ታሪኩ ምንድን ነው? የት ላይ ይላላል? ማን ይገዛዋል? እንውሰደው ወይስ እንተወው? ላልጣማት ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን «እናዝናለን» ትልካለች። ከግርጌው የሚነበበው የወኪሉ ስም ነው፤ ወኪሉ ግን ያንን ረቂቅ በዓይኑም ላያየው ይችላል። ትላልቅ አሳታሚዎች በወኪል በኩል ያልመጣ ረቂቅ በአብዛኛው ስለማይቀበሉ፣ የዚያ ደራሲ ዕጣ እዚያችው ጠረጴዛ ላይ ያበቃል።

ወኪሉ ደራሲው ከሚያገኘው ገንዘብ በአገር ውስጥ 15 በመቶ፣ ከውጭ አገር ትርጉም ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ ይወስዳል። መጽሐፉ ተሸጦ ገንዘብ ባስገባ ቁጥር ኮሚሽኑ ይቀጥላል። ረቂቁን ከክምሩ መዝዛ ያወጣችው ልጅስ? የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላታል።

ለኢንተርኖች ማበረታቻ ተብሎ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የሃሪ ፖተር የመጀመሪያ ምዕራፎች ለንደን ወደሚገኘው የወኪሉ የክሪስቶፈር ሊትል ቢሮ ሲመጡ፣ ቢሮው የልጆች መጽሐፍ ስለማይሠራ ከውድቆቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። መልሳ ያነሳቻቸው ብራዮኒ ኤቨንስ ናት። ተራኪዎቹ የሚዘሉት ነገር ቢኖር ኤቨንስ የቢሮው ተቀጣሪ እንጂ በነጻ የምታገለግል እንግዳ አለመሆኗን ነው።

«ትንሽ ቢሮ ነን፣ ከየት አምጥተን እንክፈል?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ የሁለት ሰው ቢሮ መጽሐፍ እስኪሸጥ ወራት ይጠብቃል። ግን ኪራዩንም፣ የመብራቱንም ይከፍላል። መክፈል ያቃተው ለሚያነብለት ሰው ብቻ ሲሆን ነገሩ የአቅም መሆኑ ቀርቶ የልማድ ይሆናል።

የብሪታንያ ሕግ ቆሞ የሚታዘበውን ወይም ልምምዱ የኮሌጅ ትምህርቱ ክፍል የሆነውን ተማሪ ለይቶ ያስቀምጣል። በተረፈ እንደ ሠራተኛ የሚሠራ ሰው፣ ስሙ ኢንተርን ቢባልም፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ይገባዋል። አሜሪካ ግን ሌላ ነው። በ«ብላክ ስዋን» ፊልም ላይ በነጻ የሠሩ ኢንተርኖች ከስሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈረደላቸው፤ በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረና «ዋናው ተጠቃሚ ማን ነው?» የሚል መመዘኛ አስቀመጠ። ይህንኑ ጥያቄ ረቂቅ ለሚጣራበት ጠረጴዛ አቅርቡት። ክምሩ ሲቀል የሚጠቀመው ማን ነው?

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን በዚህ ወንፊት ማን እንደሚያልፍ ነው። ለንደን ውስጥ ያለ ደመወዝ አንድ ወር መክረም የሚችል፣ ወይ የሚያስጠጋው ዘመድ ወይ የሚደጉመው አባት ያለው ነው። እናቷ በጽዳት ሥራ ያሳደገቻት የኛዋ ልጅ ገና ማስታወቂያው ላይ ትቀራለች። ጉዳቱ ለመጻሕፍትም ይተርፋል፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ደራሲ ዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልቦለዱን የጻፈው ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ስለሚኖር ኢትዮጵያዊ ባለሱቅ ነው። የመዓዛ መንግሥቴ ልቦለድ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ረቂቅ ዛሬ ከአንዱ ክምር ውስጥ ይኖር ይሆናል። ሰፈሩንም ስሞቹንም የማታውቅ አንባቢ «ለገበያ ይከብዳል» ብላ ብትመልሰው አልፈርድባትም፤ የምፈርደው ደመወዝ ቆርጦ ሌሎቹን አንባቢዎች ከበር በመለሰው ቢሮ ላይ ነው።

ለወኪሎች የምለው አንድ ነው፦ ማስታወቂያው ላይ ደመወዙን በቁጥር ጻፉ፤ መክፈል ካልቻላችሁ ረቂቆቻችሁን ራሳችሁ አንብቡ። እናንተ አመልካቾችም «ሰፊ ዕውቅና ታገኛላችሁ» የሚል ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን አውቃችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ስንት እንደሚከፈል ጠይቁ።