ለፎንቴንስ ዲሲ፦ ደብሊንን ስላሰማችሁን

ለአየርላንዱ የሮክ ቡድን አባላት፣ ለግሪያን ቻተን፣ ለካርሎስ ኦኮኔል፣ ለኮነር ከርሊ፣ ለኮነር ዲጋን እና ለቶም ኮል፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ስላወጣችሁት የመጀመሪያ አልበማችሁ፣ ስለ «ዶግረል» ላመሰግናችሁ ነው። አልበሙ በወጣበት ዓመት ለታላቁ የመርኩሪ የሙዚቃ ሽልማት ታጭቷል፤ ሃያሲያንም አወድሰውታል። ይህ ሁሉ ይገባችኋል። የእኔ ምስጋና ግን ከሽልማት ጋር የተያያዘ አይደለም። ደብሊንን ረግጫት አላውቅም፤ ሆኖም አንዲትን ከተማ ሳያሞካሹ ከልብ መውደድ እንደሚቻል ያየሁት በእናንተ አስራ አንድ ዘፈኖች ነው።

በመጀመሪያ ስለ አንደበታችሁ አመሰግናለሁ። መክፈቻው «ቢግ» ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከበሮና ቤዝ ጊታር መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ግሪያን ግማሹን እየተናገረ ግማሹን እየዘፈነ ይገባል። በእንግሊዝኛ ሮክ የሚዘፍን ብዙ ሰው፣ አገሩ የትም ይሁን የት፣ ማይክሮፎን ሲጨብጥ አሜሪካዊ ይሆናል። እናንተ ግን የደብሊንን አነጋገር ሳታለዝቡ፣ ሳታስተካክሉ፣ እንደወረደ አስገባችሁት። በዘፈኑ ቪዲዮ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ በሙር ስትሪት እየተራመደ ቃላቱን በአፉ ሲያስተጋባ እናያለን። ሙር ስትሪት ፍራፍሬና አትክልት ቸርቻሪዎች ከጥንት ጀምሮ ጉልት የዘረጉበት ጎዳና ነው። የ1916ቱ የአየርላንድ ዓመፅ መሪዎችም የዓመፁን የመጨረሻ ሰዓታት አሳልፈው እጅ ለመስጠት የወሰኑት እዚያው ነው። ትልቅ ሰው እሆናለሁ የሚለው የልጅነት ምኞት በዚያ ጎዳና ሲነገር ክብደቱ ይጨምራል። ለዚያ ምኞት ቤተ መንግሥትም ሆነ ድልድይ አልመረጣችሁለትም፤ ገበያ መረጣችሁለት።

ቀጥሎ ስለ ሰዎቻችሁ አመሰግናለሁ። «ቦይስ ኢን ዘ ቤተር ላንድ» ላይ አንድ የታክሲ ሹፌር አለ። እንግሊዞችን አጥብቆ ይጠላል፤ ሲጋራውን እንኳ የሚመርጠው በአገር ልጅነቱ ነው። አልመከራችሁትም፣ አላፌዛችሁበትም፣ ጀግናም አላደረጋችሁትም። በታክሲው አሳፈራችሁንና ጨዋታውን አሰማችሁን። ከተማን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ሹፌር ያውቀዋል። አገር ጥሎ ወደተሻለ ምድር የመሄድ ሕልምም በዚያው ዘፈን ውስጥ አለ። ለአይሪሾች ስደት የቤተሰብ ታሪክ ነውና ከዚያች ታክሲ ውስጥ ብዙ ዘመን ይሰማል።

በተለይ ልቤን የነካው ደግሞ የማንነታችሁ ነገር ነው። የደብሊንን ድምፅ ለዓለም ያሰማችሁት አምስት ሰዎች ከመሃል ከተማዋ የበቀላችሁ አይደላችሁም። ካርሎስ ከማድሪድ መጣ፤ ዲጋንና ቶም በምዕራብ ካለው ከሜዮ፣ ከርሊ በሰሜን ካለው ከሞናሃን። ግሪያን ያደገው ከደብሊን ወጣ ብላ ባለች የባሕር ዳር ከተማ፣ በስኬሪስ ነው። የተገናኛችሁት በደብሊን ሊበርቲስ በሚባለው አሮጌ የሠራተኞች ሰፈር፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ከጊታሩ ይልቅ ያቆራኛችሁም የግጥም ፍቅር ነበር፤ በጋራ ሁለት የግጥም መድብሎች እስከ ማዘጋጀት ደርሳችኋል። ከተማ የተወላጆቿ ብቻ ሳትሆን ጆሮ ሰጥቶ ያዳመጣት ሰው ሁሉ እንደሆነች በሥራችሁ አስመስክራችኋል። የቡድናችሁ ስም ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት «ደብሊን ከተማ» ማለታቸውም በሥራ የተገኘ መብት ነው።

አልበሙ በወጣበት ጊዜ ደብሊን በፍጥነት እየተለወጠች ነበር። ታላላቆቹ የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የአውሮፓ ዋና ቢሮዎቻቸውን ከፍተውባታል፤ የቤት ኪራይ ጣሪያ ነክቷል፤ ወጣቱ በገዛ ከተማው መኖሪያ አጥቷል። በ«ቱ ሪል» እና በ«ቼክለስ ሬክለስ» ውስጥ ያለው ቁጣ ከዚህ ኑሮ የወጣ መሆኑ ይሰማኛል። ነገር ግን ቁጣው ፍቅሩን አልዋጠውም። «ሮይስ ቱን» ረጋ ብሎ እንጀራ ፍለጋ የሚሰብረውን ሰው ያስታምማል። መዝጊያው «ደብሊን ሲቲ ስካይ» ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ጩኸት ጋብ ይላል፤ የአየርላንድ መጠጥ ቤቶች ለዘመናት ያስተጋቡት ዓይነት ዝግ ያለ የፍቅር ዜማ ይተካል። ስለምትወዷት ሴት ነው የምትዘፍኑት ወይስ ስለ ከተማዋ፣ ለመለየት ያስቸግራል። ሁለቱም መሆናቸውን እኔ አምኛለሁ።

ለፕሮዲውሰሩ ለዳን ኬሪም ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ለንደን ባለው ስቱዲዮው አምስታችሁንም በአንድነት እያጫወተ በቴፕ ስለቀዳችሁ፣ አልበሙ የመድረክ ትንፋሽ አልተለየውም። ጠርዙ ቢሞረድ ኖሮ ከተማዋም አብራ ትሞረድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለንደን ገባችሁ፤ በ2022 «ስኪንቲ ፊያ»ን ይዛችሁ በብሪታንያ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣችሁ፤ ሙዚቃችሁም ብዙ መልክ ቀየረ። መልካም አደረጋችሁ፤ በአንድ ድምፅ ታስራችሁ እንድትቀሩ የሚመኝ ወዳጅ የላችሁም። «ዶግረል» ግን የደብሊን ሆኖ ይኖራል።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። አልበሙን አንድ አንድ ዘፈን እየመረጣችሁ ሳይሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራው አድምጡት፤ አርባ ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ሙዚቃ የምትሠሩ ደግሞ የምትኖሩበትን ሰፈር ሹፌርና ቸርቻሪ በራሳቸው አነጋገር ዝፈኗቸው።


አድማጫችሁ