መመዘኛው አንድ ይሁን!

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

የሃይማኖት ሰው ወደ ፖለቲካ ሲገባ የሚሰጠው ስም እንደ ሃይማኖቱ ይለያያል። ኢማም ስለ መብት ሲናገር «ሃይማኖትን ከፖለቲካ ቀላቀለ» ይባላል፤ በአገራችን ደግሞ ፋይል ተከፍቶበት ማዕከላዊ የወረደው ብዙ ነው። ፓስተር ከነስብከቱ ሥልጣን ላይ ሲወጣ ግን «ፖለቲከኛ» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ሁለት ሚዛን በአሜሪካዊው ፓስተር ማይክ ሃካቢ የሕይወት ጉዞ ውስጥ በግልጽ እናየዋለን።

ሃካቢ እ.ኤ.አ. በ1955 በአርካንሳስ ግዛት ሆፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በፓይን ብላፍና በቴክሳርካና ከተሞች የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆነው አገለገሉ፤ የግዛቲቱን ባፕቲስቶች ማኅበርም በፕሬዚዳንትነት መሩ። በ1992 ለሴኔት ተወዳድረው ተሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት ግን የግዛቲቱ ምክትል ገዥ ሆኑ። በ1996 ገዥው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ሲለቁ ወንበሩን ተረክበው እስከ 2007 ቆዩ። በ2008 ለፕሬዚዳንታዊ እጩነት ሲወዳደሩ በወንጌላውያን ድምፅ አዮዋን አሸነፉ። ለዓመታት በፎክስ ኒውስ የራሳቸው ፕሮግራም ነበራቸው። በ2025 ደግሞ በእስራኤል የአሜሪካ አምባሳደር ሆኑ።

ፍትሕ መልካሙንም መናገር ነውና እንናገረው። በገዥነት ዘመናቸው የድሃ ቤተሰብ ልጆች የጤና ዋስትና የሚያገኙበት ፕሮግራም በ1997 አስጀምረዋል። ጥያቄያችን ይህ ርኅራኄ የት ላይ እንደቆመ ነው።

በ2013 በራዲዮ ፕሮግራማቸው ስለ ሙስሊሞች ተናግረው ነበር። ሙስሊሞች የጁሙዓ ሰላት ሰግደው ሲወጡ እንደተለቀቀ አውሬ ድንጋይ የሚወረውሩና መኪና የሚያቃጥሉ ናቸው ሲሉ አድማጮቻቸውን አስፈራሩ። ልብ በሉ፤ ያ ዓመት በኛ አቆጣጠር 2005 ነው። በዚያ ዓመት እኛ በየጁሙዓው ከአንዋር መስጂድ ስንወጣ ምን ይዘን ነበር? እጃችንን እንደታሰረ ሰው አጣምረን በዝምታ ቆመን ነበር። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበረን፦ አወሊያ ለሕዝብ ይመለስ፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይካሄድ፣ አሕባሽ በግዳጅ አይጫንብን። የጁሙዓ ሰጋጅ ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ያንን ዝምታ ይመስክር።

በፍልስጤም ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሃካቢ በ2008 ፍልስጤማዊ የሚባል ሕዝብ የለም ብለዋል። በ2017 ደግሞ ዌስት ባንክ የሚባል ቦታም፣ ወረራ የሚባል ነገርም የለም አሉ። መሠረታቸው የፖለቲካ ስሌት ብቻ አይደለም፤ መሬቱ በመጽሐፍ ቅዱስ ለአንድ ሕዝብ የተሰጠ ነው የሚል እምነት ነው። አንድ ሰው በልቡ የፈለገውን ቢያምን መብቱ ነው። ያ እምነት የመንግሥት ፖሊሲ ሆኖ የሌላውን ቤት ሲያፈርስ ግን ጉዳዩ የእምነት ነፃነት መሆኑ ያበቃል። እኚሁ ሰው በ2025 ክረምት በዌስት ባንክ ያለችውን የክርስቲያኖች መንደር ጠይባን ጎብኝተው በጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የተነሳውን እሳት አውግዘዋል። ደግ አደረጉ። የእምነት ቦታ ሁሉ መከበር አለበት። ነገር ግን ጠይባ ያሉት ክርስቲያኖችም እኮ «የሉም» የተባሉት ፍልስጤማውያን ናቸው!

የሚገርመው የባፕቲስቶች የራሳቸው ታሪክ ነው። በ1801 የዳንበሪ ባፕቲስቶች በግዛታቸው አናሳ ስለነበሩ የሃይማኖት ነፃነት የመንግሥት ችሮታ እንዳይሆን ለፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ጄፈርሰንም በ1802 በመለሱላቸው ደብዳቤ በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያን መካከል ግንብ መኖሩን አረጋገጡላቸው። አናሳ ሳሉ የተጠለሉበትን ግንብ በርትተው ሲቆሙ መርሳት የሰው ልጅ ሁሉ ፈተና ነው።

ይህን ስንጽፍ ከጴንጤ ጎረቤቶቻችን ጋር ጠብ የለንም። እነሱም በደርግ ዘመን የታሰሩ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የተዘጋባቸው ናቸው። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ል. በደርግ ተገድለዋል። ፓስተር ለምርጫ አይወዳደር ብለንም አንከራከርም፤ ፓስተርም ኢማምም ዜጋ ነው። የምንጠይቀው መመዘኛው አንድ እንዲሆን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ሲል መስጂዱን ብቻ ለይቶ አልጻፈውም። ሆኖም መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ ያሉ መሪዎቻችንና ወንድሞቻችን በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰው በ2007 ዓ.ል. ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ ያለ ሰው «ሃይማኖታዊ መንግሥት ሊመሠርት ነው» ተብሎ ሲታሰር ከማየት የከፋ ግልባጭ ፍርድ የለም።

ውድ የመስጂድ ጀመዓዎች! ለስድብ መልሳችን ስድብ አይሁን። ሱረቱል ማኢዳ በ8ኛው አንቀጹ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዘናል። ስለዚህ ሃካቢን በመዘንበት ሚዛን የራሳችንንም ሰዎች እንመዝን። ነገ አንድ ሙስሊም ባለሥልጣን፣ ወይም ከመስጂዳችን የወጣ ዳዒ ድምፃችንን ሲጠይቀን «ወንድማችን ነው» ብለን ብቻ አንስጠው። የመስጂዴን ያህል የጎረቤቴን ቤተ ክርስቲያን ትጠብቃለህ ወይ? ያልመረጠህን ሰው እንደመረጠህ ታያለህ ወይ? ብለን እንጠይቀው። የመጅሊስ ወንበር ላይ የተቀመጠውንም እንዲሁ።

ይህን ጥያቄ ለራሳችን ሰው ማንሳት ከቻልን፣ ለሌላው ስናነሳው ማንም አፋችንን ሊያስይዘን አይችልም። በፍትሕ የሚጠይቅ ሕዝብ ቢዘገይም አይረታም፣ ኢንሻአላህ!

አላሁ አክበር!