ባንዲራ የተከለው ጋዜጠኛ

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ በምሠራበት ባንክ በምሳ ሰዓት የተነሣ ክርክር ነው። በዕድሜም በአገልግሎትም ታላቄ የሆኑ አንድ ባልደረባዬ አሉ፤ የቱርክን ጋዜጦች በእንግሊዝኛ ቅጂያቸው አዘውትረው ያነባሉ። «ጋዜጣ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። «ነገሩ ድንበር ሲሻገር ሁሉም አንድ ይሆናሉ፤ እርስ በርስ የሚናከሱት በቤታቸው ውስጥ ብቻ ነው።» በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን የመስማማት አልነበረም፤ ታላቅን በሰው ፊት መሞገት ከብዶኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ምሽቶች ከወረቀት ጋር ስሟገት ሰንብቼ፣ እነሆ ሙግቱን ወደ አንባቢ አመጣሁት። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በኤጅያን ባሕር፣ ከቱርክ ጠረፍ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ግሪኮች ኢምያ ቱርኮች ደግሞ ካርዳክ የሚሏቸው ሁለት ዓለታማ ደሴቶች አሉ። ሰው አይኖርባቸውም፤ ቢበዛ ፍየል ነው የሚሰማራባቸው። በ1995 ዲሴምበር መጨረሻ አንድ የቱርክ ዕቃ ጫኝ መርከብ እዚያ ከዓለት ጋር ተላትሞ ቆመ። «ማን ይጎትተው?» በሚል የሁለቱ አገሮች ዲፕሎማቶች ደብዳቤ ተጻጻፉ። ነገሩ በደብዳቤ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የሚያስታውሰው የመርከቡ የመድን ሰነድ ብቻ በሆነ ነበር። ወሬው ግን በአንድ የግሪክ መጽሔት ወጣ። የጎረቤት ደሴት የካሊምኖስ ከንቲባ ተነሥተው ሄዱና በዓለቱ ላይ የግሪክን ባንዲራ ተከሉ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1996 ደግሞ የሁሪየት ጋዜጣ ሰዎች በሄሊኮፕተር ሄደው ከዓለቱ ላይ ወረዱ፤ የግሪኩን ባንዲራ አውርደው የቱርክን ሰቀሉ፤ ፎቶግራፍም ተነሡ። ፎቶግራፉ በጋዜጣቸው ወጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሁለቱ አገሮች የጦር መርከቦች ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ ሁለቱም በሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን የታሰሩ ጓዶች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ጃንዋሪ 31 ከመንጋቱ በፊት አንድ የግሪክ ሄሊኮፕተር ተከሰከሰና ሦስት መኮንኖች ሞቱ። አሜሪካኖች ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲደውሉ አድረው ጦርነቱን አስቀሩት።

እንግዲህ እጠይቃለሁ፦ ያ ጋዜጠኛ በዚያ ዓለት ላይ ምን ነበር? ዘጋቢ የሆነውን ይነግረናል። ይህኛው የሚሆነውን ራሱ ሠርቶ፣ ተመልሶ ስለ ራሱ ሥራ ዜና ጻፈ። ከንቲባውም ቢሆኑ የሚመሰገኑ አይደሉም፤ ግን ከንቲባ ናቸው፣ ባንዲራ መስቀል ከሥራቸው ሊቆጠር ይችላል። የጋዜጠኛ ሥራ ግን ባንዲራውን ማን እንደሰቀለ፣ ለምን እንደሰቀለ፣ ዓለቱ በየትኛው ውል የማን እንደሆነ መጠየቅ ነበር። ይህ ጋዜጣ ለአሥርት ዓመታት በስሙ አጠገብ «ቱርክ የቱርኮች ናት» የሚል ቃል ሲያትም የኖረ ነው። ስሙ ራሱ «ነጻነት» ማለት ነው። ነጻነት ከማን? ከግሪክ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ከጦር አዛዡም ይሁን አይሁን ግን አልተጻፈም።

«ሕዝቡ እንዲያ ነው፣ ምን ይደረግ» የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። የሚሊየት ዋና አዘጋጅ የነበረው አብዲ ኢፔክቺ ከግሪክ ጋር መቀራረብ ይበጃል ብሎ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1979 በኢስታንቡል በጥይት ተገደለ። በስሙ የተሰየመው የሰላም ሽልማት ኋላ ለቱርኮችም ለግሪኮችም ተሰጥቷል። ኡጉር ሙምጁ በ1993 በመኪናው ውስጥ በተጠመደ ቦምብ፣ ህራንት ዲንክ በ2007 በጋዜጣው ደጃፍ ሞተዋል። ስለዚህ የቱርክን ጋዜጠኝነት የሚሰድብ ይመስል የተነሣሁ ሰው አድርጎ የሚያነበኝ ቢኖር አልተግባባንም ማለት ነው። የምሟገተው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ የምሟገተውም ቀብራቸውን በፊት ገጽ አውጥቶ ሥራቸውን በኋላ ገጽ ከሚቀብረው ልማድ ጋር ነው።

የልማዱን አሠራር ከ1998ቱ ጉዳይ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ሸምዲን ሳኪክ የተባለ የፒኬኬ አዛዥ ተያዘ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ «ሳኪክ በምርመራ የሰጠው ቃል ነው» የተባለ ወረቀት በትልልቆቹ ጋዜጦች፣ በሁሪየትና በሳባህ፣ ተዘረገፈ። ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት አላቸው ከተባሉት መካከል መህመት አሊ ቢራንድና ጀንጊዝ ቻንዳር የተባሉ ስመ ጥር ጋዜጠኞች፣ እንዲሁም የሰብዓዊ መብት ማኅበር ሊቀ መንበር አኪን ቢርዳል ነበሩ። ቢራንድና ቻንዳር ከዓምዳቸው ተነሡ። ቢርዳልን ሜይ 12 ቀን ነፍሰ ገዳዮች ከጽሕፈት ቤቱ ገብተው በጥይት ደበደቡት፤ በተአምር ተረፈ። በ2000 እውነቱ ወጣ፦ ነገሩ በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ በተዘጋጀ የስም ማጥፊያ ሰነድ የተጠነሰሰ ነበር። ቱርኮች ይህን ሰነድ «አንዲች» ይሉታል። ቃሉ በቢሮ ቋንቋ ተራ ማስታወሻ ማለት ነው። ማስታወሻ! አንድ ሠራተኛ ለአለቃው የሚጽፋት፣ እኔም በሳምንት ሦስት አራቴ የምጽፋት ዓይነት ወረቀት። ጋዜጦቹ «ማን ሰጠን? ለምን አሁን?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ አንድ ሰው ጥይት ባልጠጣ። እኔ ያልተፈረመበት የአንድ ሺህ ብር ቼክ ብከፍል በማግሥቱ ከሥራዬ እባረራለሁ።

ዲሴምበር 28 ቀን 2011 ማታ፣ በኢራቅ ድንበር አጠገብ በሮቦስኪ መንደር፣ የቱርክ የጦር አውሮፕላኖች ነዳጅና ሲጋራ በበቅሎ ጭነው ከድንበር የሚመለሱ ኩርዶችን ደበደቡ። 34 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ገና ልጆች ነበሩ። ሬሳውን ቤተሰቦቻቸው በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በእነዚያው በበቅሎዎቻቸው ጭነው አወረዱ። ወሬው በኢንተርኔት በሰው እጅ ሲዞር፣ ትልልቆቹ የዜና ማሠራጫዎች የጦሩ መግለጫ እስኪወጣ ድረስ በዝምታ አነጉት። ይህን በሰማሁ ጊዜ አራት መስመር ጽፌ ነበር፤ ደካማ ብትሆንም የዚያን ሌሊት ስሜት ስለያዘች ትግባ፦

ወሬ ላነብ ብዬ፣ ጋዜጣ ብገዛ፣
ነጋሪት ነው ያለው፣ ቆዳው የጠነዛ፤
የሞተውን ሰው ስም፣ ገጹ ላይ ብፈልግ፣
ድል ብቻ ተጽፏል፣ ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ።

«ጦርነት ነውና ጋዜጣ ከአገሩ ጋር ይቆማል» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ጋሼም ያሉት ይህንኑ ነው። ታዲያ ከአገሩ ጋር ለመቆም አገሩ የቆመችበትን ማወቅ የለበትም ወይ? ኖቬምበር 24 ቀን 2015 ቱርክ የሩሲያን የጦር አውሮፕላን በሶሪያ ድንበር መትታ ጣለች። ለመንግሥት የቀረቡት ጋዜጦች አብራሪዎቹን ጀግና አሏቸው። በጁን 2016 ኤርዶጋን ለሞስኮ የጸጸት ደብዳቤ ጻፉ፤ ከጁላዩ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ደግሞ አውሮፕላኑን የመቱት የሴረኞቹ ወገን ናቸው የሚል ወሬ በእነዚያው ገጾች ይነበብ ጀመር። በ2019 የሩሲያ ሚሳይል አንካራ ገባ፤ ያም በድል ተዘገበ። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ጀግናው ከሐዲ፣ ጠላቱ ወዳጅ ሆነ። አገር አቋሟን ልትለውጥ ትችላለች፤ የመንግሥታት ባሕርይ ነው። ጋዜጣ ግን የትናንቱን ቃሉን ሳያነሣ፣ «ተሳስቼ ነበር» ሳይል፣ አብሮ ሲገለበጥ አንባቢውን እንደ ምን ቆጥሮት ነው?

የጀማል ኻሾግጂ ነገር ደግሞ ከሁሉ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ እውነተኛ ሥራ ተሠርቶ ነበር። ሳውዲያዊው ጋዜጠኛ ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ኢስታንቡል በሚገኘው የአገሩ ቆንስላ ገብቶ አልወጣም። ሳባህ የአሥራ አምስቱን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ፤ በየቀኑ አዲስ ዝርዝር ያትም ነበር። ሪያድ መጀመሪያ ላይ የካደችውን በኋላ ያመነችው እንዲህ ያለው ማስረጃ በዓለም ፊት ስለ ተዘረጋ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እኔም ያኔ አጨብጭቤያለሁ። ኤፕሪል 2022 ግን የኢስታንቡሉ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ወደ ሳውዲ አረቢያ አሳለፈው፤ በዚያው ወር መጨረሻ ኤርዶጋን ወደ ጂዳ ሄዱ፤ በጁን አልጋ ወራሹ አንካራ መጡ። የቱርክ ኢኮኖሚ ገንዘብ ፈልጎ ነበር። ያ በየማለዳው አዲስ ማስረጃ የሚያገኝ ጋዜጣ ያን ጊዜ ማስረጃው ነጠፈበት። የምንጩ ቧንቧ ከየት እንደመጣ የታወቀው ውኃው ሲቆም ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ የገንዘቡን መንገድ ካልተከተልን ይህ ሁሉ የጠባይ ጉድለት ይመስላልና። ሳባህና ኤቲቪ ቴሌቪዥን በ2007 በመንግሥት የቁጠባ ዋስትና ፈንድ እጅ ገቡ፤ ለጨረታም ቀረቡ። በመጨረሻ ዋጋ ያቀረበው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር፤ ቻሊክ። ዋጋው 1.1 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 750 ሚሊዮኑን ያበደሩት ሃልክባንክና ቫኪፍባንክ፣ ሁለቱም የመንግሥት ባንኮች ናቸው። የቻሊክ ዋና ሥራ አስኪያጅ በዚያን ጊዜ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማች ነበር። እኔ የብድር ማመልከቻ ያየሁ ሰው ነኝ። አንድ ተጫራች ብቻ ባለበት ጨረታ ከዋጋው ሁለት ሦስተኛውን የሚያበድር የብድር ኮሚቴ፣ መያዣው ምን እንደሆነ ተጠይቆ ምን ብሎ እንደሚመልስ መገመት አያቅተኝም። መያዣው የፊት ገጹ ነው።

ሌላውም ከዚህ አይርቅም። የሁሪየት ባለቤት የነበረው የዶአን ድርጅት በ2009 ወደ ሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር የሚጠጋ የግብር ቅጣት ተጣለበት፤ በ2018 ጋዜጦቹን ለደሚሮረን ሸጠ፤ ለግዢው ገንዘብ ያበደረው የመንግሥቱ ዚራት ባንክ እንደሆነ በሰፊው ተዘግቧል። ያልተሸጡት ደግሞ በማስታወቂያ ይያዛሉ፦ የመንግሥትን ማስታወቂያ የሚያከፋፍለው ተቋም እንደ ኤቭረንሰልና ቢርጉን ያሉትን በተደጋጋሚ ከድርሻቸው ሲያግድ ኖሮ፣ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2022 የፕሬስ ነጻነትን የሚጥስ ነው ብሎ ፈርዷል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደግሞ ስለ አገር የውስጥና የውጭ ጸጥታ «ሐሰተኛ መረጃ» ያሠራጨን ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። ሐሰቱን የሚለየው ማን እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

ለመጠየቅ የደፈረ ምን እንደሚያገኘውም ታይቷል። ጁምሁሪየት ሜይ 29 ቀን 2015 በአገሪቱ የስለላ ድርጅት የጭነት መኪኖች ውስጥ፣ በመድኃኒት ሣጥን ሥር፣ ወደ ሶሪያ የሚሄድ የጦር መሣሪያ የሚያሳይ ምስል አወጣ። ኤርዶጋን ይህን ያወጣ ሰው ከባድ ዋጋ እንደሚከፍል በአደባባይ ተናገሩ። ዋና አዘጋጁ ጃን ዱንዳርና የአንካራው ተወካይ ኤርደም ጉል ታሰሩ፤ ሜይ 6 ቀን 2016 በተፈረደባቸው ዕለት አንድ ሰው በፍርድ ቤቱ ደጅ በዱንዳር ላይ ተኮሰ። በዚያ ዓመት መጨረሻ የጋዜጠኞች ተሟጋች ኮሚቴ በቱርክ እስር ቤቶች 81 ጋዜጠኞችን ቆጥሯል። ጋሼ «አንድ ይሆናሉ» ያሉት አንድነት ከዚህ ቆጠራ ውጭ የቀሩትን ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍኩትም ነበር። የቱርክ ጋዜጦች ስለ ባይራክታር ድሮን ሲጽፉ ይህን ያህል አገር ገዛው፣ ይህን ያህል ዶላር አስገባ ይላሉ፤ የፋብሪካው የቦርድ ሊቀ መንበር ሌላው የፕሬዚዳንቱ አማች ናቸው። ጃንዋሪ 7 ቀን 2022 በትግራይ ደደቢት ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ላይ ከአየር ቦምብ ወረደ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከሃምሳ በላይ ሲቪሎች መሞታቸውን፣ የተገኘውም ስብርባሪ ቱርክ ሠራሽ በጨረር የሚመራ ቦምብ መሆኑን ገልጿል። ቦምቡን ያዘዘው ሌላ ነው፤ ያንን ሙግት ከራሳችን ሰዎችና ከራሳችን ጋዜጦች ጋር እንሟገተዋለን፤ ዕዳው የእኛ ነው። እኔ ባነበብኳቸው የአንካራና የኢስታንቡል ገጾች ግን ድሮኑ ሲነሣ አየሁ እንጂ ሲያርፍ አላየሁም። ዲሴምበር 11 ቀን 2024 በአንካራ የኢትዮጵያና የሶማሊያ መሪዎች ከኤርዶጋን ጋር ቆመው መግለጫ ሲሰጡ፣ በእነዚያው ገጾች ላይ ዜናው የአስታራቂው ድል ነበር፤ የባሕር በሩ ጉዳይ፣ የእኛም የሶማሌዎቹም ሥጋት፣ በፎቶግራፉ ጀርባ ቀረ።

የሮቦስኪን ልጆች ከዝምታ ያወጣቸው ፎቶግራፍ አንሥቶ በኢንተርኔት የለቀቀ ጋዜጠኛ ነው። ጋሼ፣ ይህ ገጽ እጅዎ ከገባ፣ ሰኞ በምሳ ሰዓት እዚያው ጠረጴዛ እንገናኝ። የካርዳኩን ፎቶግራፍ አትሜ አመጣለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ዝም አልልም።