በባሕር ጠረፍ የአንድ ቀን ጉዞ



አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ ብዙ ወጣቶቻችን በየዓመቱ በባሕር ጠረፍ በእግራቸው ይጓዛሉ። መንገዱ ያለው በጎረቤታችን በጅቡቲ ነው። ተጓዦቹ በአፋር በኩል ድንበር ይሻገራሉ። በአሳል ሐይቅ አካባቢ ያልፋሉ። ከዚያ በታጁራ አድርገው ኦቦክ ይደርሳሉ። ሐሳባቸው ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሄድ ነው። የእግሩ ጉዞ ብቻ ብዙ ቀን ይፈጃል።

በእኛ ሰፈር በቆሼ ይህን መንገድ ሄዶ የተመለሰ አንድ ወጣት አለ። ስሙን አንጽፍም። አንድ ቀን ማታ ከትምህርት በኋላ እንዲህ ሲል አጫወተን፦

«ደላላው ‹ባሕሩን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት፤ ነፋሻ ነው› ብሎን ነበር። እውነትም ከታጁራ ወዲያ ባሕሩ በቀኝ በኩል ይታያል። ሌሊቱን ሙሉ ስንሄድ አደርን። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ጫማ ይበላል። ሲነጋ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ቀርቶን ነበር። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ በረታች። ጥላ የለም። አንዲት ግራር ሥር ሃያ ሰው ተጠጋጋን። ስድስት ሰዓት ላይ ውሃው አለቀ። አንዱ ጓደኛችን ከባሕሩ ልጠጣ ብሎ ወረደ። ተው ብንለው እምቢ አለ። ማታ መራመድ አቃተው። ደላላው ‹ተዉት፣ ይደርስብናል› አለ። እኛ ግን አልተውነውም። ለሁለት ደግፈን ወደ መኪና መንገድ አወጣነው። አንድ ሾፌር ውሃ ሰጠን። እኔም ከዚያ በኋላ ልቤ ተመለሰ።»

የባሕር ውሃ ለምን አያረካም? በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ኩላሊት ይህን ጨው በሽንት ለማስወጣት ከተጠጣው የበለጠ ውሃ ይፈልጋል። ውሃውን የሚወስደው ከሰውነታችን ነው። ስለዚህ የባሕር ውሃ የጠጣ ሰው ጥሙ ይብስበታል።

ሙቀቱም ቀላል አይደለም። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ይገኛል። በሞቃቱ ወራት በዚያ አገር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እንዲህ ባለ ሙቀት የሚጓዝ ሰው በቀን ብዙ ሊትር ውሃ በላብ ያጣል። አንድ ሃይላንድ ምን ይሆነዋል?

በድሮ ጊዜ ከታጁራ ወደ ሸዋ ነጋዴዎች ይመላለሱ ነበር። የአሳልን ጨው ያመጡ ነበር። እነሱ ግን ግመል ነበራቸው። ውሃ በስልቻ ይጭኑ ነበር። ጉድጓዱን የሚያውቅ የአፋር መሪ ከፊታቸው ይሄድ ነበር።

ከእግሩ መንገድ የተረፈውን ደግሞ ባሕሩ ይጠብቀዋል። ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኦቦክ በስተሰሜን በጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ሌላ ጀልባ ሰጥሞ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞቱ። ሕፃናትም ነበሩባቸው።

እኛ የቆሼ ሰዎች ሐዘንን እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ገድሏል። ያን ጊዜ አልቅሰን ቀብረናል። በዚያ መንገድ የወደቀ ግን ስሙን የሚጽፍለት እንኳ የለም። እናቱ ስልክ ይደውላል እያለች ዓመት ትቆጥራለች።

ሥራ ፍለጋ መውጣት ነውር አይደለም። ሰው የሚወጣው ቸግሮት ነው። ነገር ግን ደላላ የነገራችሁን ሁሉ አትመኑ። ካርታ ዘርግታችሁ ታጁራንና ኦቦክን ፈልጉ። በመካከላቸው 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። «ውሃው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያነበባችሁትንም ላላነበበ ንገሩ።

ለውይይት፦
1. የባሕር ውሃ ጥም የሚያብሰው ለምንድን ነው?
2. የድሮ ነጋዴዎች ምን ነበራቸው? የዛሬዎቹ ተጓዦች ምን ጎደላቸው?
3. ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ «ልሄድ ነው» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?