ወሬን ለመግታት ገበያን መዝጋት

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነጋዴውን «ገንዘብህን በካዝና አታከማች፤ ሒሳብህን በስልክ ክፈል፤ ፈቃድህን በኮምፒዩተር አውጣ» ማለት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነጋዴውም ተቀብሎ ፈጽሞታል። ዳሩ ግን ገበያውን ወደ ስልክ መስመር ካዛወረ በኋላ፥ ሁከት በተነሣና የሐሰት ወሬ በበዛ ጊዜ ያው መስመር ያለ ማስታወቂያ ሲዘጋበት ደጋግሞ አይቷል። እነዚህ ሁለት አሠራሮች ባንድነት ሊጸኑ አይችሉም።

ለማስታወስ ያህል፥ በጥር 2012 ዓ. ም. የአስመጪዎችና የላኪዎች የፈቃድ ጉዳይ የሚስተናገድበት የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ሥራ ጀመረ። የብር ኖቶች በመስከረም 2013 ዓ. ም. በተለወጡበት ሰሞን፥ ማንም ሰው ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከባንክ ውጭ እንዳያኖር ብሔራዊ ባንክ በመመሪያ ከለከለ። በግንቦት 2013 ዓ. ም. ቴሌብር ተከፈተ። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ. ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፥ ከግንቦት 1 ቀን ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ ብቻ እንዲሆን ተደረገ።

በሌላው ወገን፥ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ. ም. ጀምሮ፥ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ፥ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። የትግራይ ነጋዴ በጦርነቱ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም ባንክም አጥቶ ኖሯል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ. ም. ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ቆይተዋል። በዚያው ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። ነዳጅ በስልክ ብቻ ይከፈል የተባለበት ሚያዝያ፥ ቴሌግራምና ፌስቡክ ከተገደቡባቸው ከእነዚያ ወራት አንዱ መሆኑን ልብ ይሏል።

የመንግሥት ሥጋት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ2012 ዓ. ም. ክረምት በሻሸመኔ የንግድ ቤቶች መቃጠላቸውን ነጋዴው አልረሳም። ሕዝብን ከሕዝብ የሚያጋጭ ቃል ሲሠራጭ መጀመሪያ የሚሰበረው የሱቅ መስታወት ነው። ስለዚህ በስልክ የሚነዛው ክፉ ወሬ እንዲገታ ከሁሉ ይልቅ የሚሻው ነጋዴው ራሱ ነው። ጥያቄው መዝጋት ወሬውን ይገታዋል ወይ የሚለው ነው።

የአምስቱ ወራት እገዳ በዚህ ረገድ በቂ ትምህርት ሰጥቷል። ወጣቱ ቪፒኤን የሚባለውን ብልሃት በስልኩ ላይ ጭኖ እገዳውን ዘለለው። ወሬ ነጋሪውም በዚያው መንገድ ተከተለ፤ እርሱ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ማንም አይቀድመውም። እውጭ የቀረው አዲሱን ብልሃት የማያውቀው ባለሱቅ ነው። የመጣለትን ጫማና ጨርቅ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ለደንበኞቹ ያሳይ ነበር፤ በዚያ ወቅት ግን ደንበኛው ዕቃው መኖሩንም ሳያውቅ ቀረ። (ቴሌግራም ለሽማግሌው ነጋዴ ፖስታ ቤት ሄዶ በቃል ቁጥር እየከፈለ የሚልከው አጭር መልእክት ነበር። ያኛው ዋጋው ውድ ስለ ነበረ ሰው ወሬ አይልክበትም ነበር።)

ኢንተርኔት ጨርሶ ሲቋረጥ ደግሞ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል። የቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ በየደቂቃው ይለዋወጣል። የውጭ አገር ገዢ ዋጋ ጠይቆ እስከ ማታ መልስ ካጣ፥ የኢትዮጵያን ላኪ ችግር ሊመረምር አይቀመጥም፤ ፊቱን ወደ ሌላ አገር ሻጭ ያዞራል። አስመጪውም ከዱባይ ወይም ከቻይና የሚላክለትን የኢንቮይስና የጭነት ሰነድ ግልባጭ ካላገኘ ባንክ ሄዶ የሚያቀርበው ነገር የለውም። ዕቃው ግን ወደብ ደርሶ ከሆነ የማከማቻ ኪራዩ መስመር ተዘጋ ብሎ አይቆምም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መስመሩ ይከፈታል፤ የሄደው ደንበኛ ግን መስመሩ ስለ ተከፈተ ብቻ አይመለስም።

ደግሞም እውነተኛ ዜና በጠፋበት ገበያ ወሬ ይረክሳል እንጂ አይወደድም። መርካቶ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ መንገድ ተዘጋ የሚል ሹክሹክታ ከመጣና የሚያስተባብለው ከጠፋ፥ የዘይትና የስኳር ዋጋ ከሰዓት በፊት ይነሣል።

እዚህ ላይ የነጋዴውም ጥፋት ሊሸፈን አይገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። ውሳኔው በይፋ ተነግሯል፤ ባንኮችም ዋጋቸውን በየዕለቱ ለጥፈዋል። ይህም ሆኖ ከባንኩ ሰሌዳ ይልቅ ስሙ ያልታወቀ ሰው በስልክ የጻፈውን ዋጋ አምኖ መደርደሪያውን ባዶ ያደረገ ነጋዴ አልታጣም። በአዲስ አበባ ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ፥ ሸቀጥም ሸሸጉ የተባሉ ሱቆች ታሽገዋል። ነገ የሚያስመጣውን ዕቃ በአዲሱ ምንዛሪ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ማስተካከሉ ሒሳብ ነው፤ ለዚህ መወቀስ የለበትም። በአሮጌው ዋጋ የገባውን ዘይት ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጦ «የለም» ማለት ግን ሒሳብ አይደለም። ወሬ ገበያን አወከ ተብሎ መስመር ሲዘጋ፥ ይህን ያደረገ ነጋዴ አቤት ለማለት አፉ ይያዛል፤ ጓደኞቹንም አብሮ ያሳፍራል።

የሐሰት ወሬ የሚነዛውን ሰው ለመቅጣት ሕግ አልጠፋም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለዚሁ የተደነገገ ነው። አዋጁ አጥፊውን በስሙ ለይቶ ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ የመስመር መዝጋት ግን ተሳዳቢውንና ሰሊጥ ላኪውን ሳይለይ ባንድ ፍርድ ይቀጣል። መንግሥት ከአዋጁ አልፎ መዝጋት የግድ ሆኖ ቢያገኘው እንኳ፥ ትእዛዙን የሰጠው መሥሪያ ቤት ስሙን፥ ምክንያቱንና መስመሩ የሚከፈትበትን ቀን በጽሑፍ ማስታወቅ ይኖርበታል። የባንክ፥ የጉምሩክና የመጓጓዣ አገልግሎት የሚሠራበት መስመር ከእገዳው ውጭ እንዲሆንም ያስፈልጋል። ቀኑን ያወቀ ነጋዴ ለገዢው አስቀድሞ ይጽፋል፤ ያላወቀ ግን ውል አፍራሽ ተብሎ ይመዘገባል።

ይህን ጥያቄ ለማቅረብ ምክር ቤቱ ማስረጃ ያሻዋል። «ብዙ ተጎዳን» የሚል አቤቱታ በመሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ክብደት የለውም። ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ 2012 ዓ. ም.፥ ወይም ከዚያ ወዲህ መስመር በተዘጋባቸው ቀኖች የተሰረዘ ትእዛዝ፥ የዘገየ ሰነድ ወይም የተከፈለ የማከማቻ ኪራይ ያለው ነጋዴ፥ ደብዳቤውንና ደረሰኙን ከፋይሉ አውጥቶ፥ ቀኑን፥ የሸቀጡን ዓይነትና የገንዘቡን ልክ ጽፎ፥ ግልባጩን ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቢያደርስ መልካም ይሆናል።