ጨዋታውን ወይስ ነጥቡን?

ሰሞኑን በካፌ ሰልፍ ላይ የተነሣው ክርክር ዶርም ድረስ ተከትሎን ገብቶ ሳንተኛ አንግተናል። ነገሩ «የቪዲዮ ጌም ወደ መማሪያ ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ?» ነው። አንደኛው ወገን ጌም ልጅ ማበላሻ ነው ባይ ነው፤ ካላመናችሁ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ የሚንጋጋውን ተማሪ አይታችሁ ፍረዱ ይለናል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ተራማጅ መባል የሚወድ ነውና፣ ዓለም በጌም እየተማረ እኛ እስከ መቼ በጠመኔ አቧራ እንታፈናለን እያለ ይፎክራል። እኔ ከሁለቱም ተጣልቻለሁ። ከመጀመሪያው ጋር ያለኝ ጠብ ቀላል ነው። ከሁለተኛው ጋር ያለኝ ግን የከረረ ነው፤ ትናንት እኔም እዚያው ሰፈር ነበርኩና።

ከቀላሉ ልጀምር። ጨዋታና ትምህርት አይተዋወቁም የሚለን ሰው ገበጣ የተጫወተ አይመስለኝም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ ዓይነት መዝግበዋል። እረኛው መሬት ጭሮ፣ ጠጠር ለቅሞ፣ «ከዚህች ጉድጓድ ባነሣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት ታርፋለች?» እያለ ሲያሰላ ሒሳብ ተማር ብሎ የገረፈው የለም። ሱሱስ? ሱሱማ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ በጌም መጠመድን አስገብቶታል። ነገር ግን እንዲህ የሚባለው ሰውዬው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳቱን እያየ ሲቀጥልበትና ይኸም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። ታናሽ ወንድማችን ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ስለተጫወተ በሽተኛ አናድርገው እንጂ!

አሁን ወደ ራሴ ሰፈር ልምጣ። ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተልኬ ነበር፤ ስሙ ይቆይ። ዘጠነኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ፣ ስድሳ ሦስት ተማሪ። ከራሴና ከጓደኞቼ ለቃቅሜ፣ ጥቂት ተማሪዎችም በፈቃድ አምጥተው አሥራ አንድ ስልክ አገኘን። ዳታውን ከኪሴ ሞላሁና ከእነዚያ የጥያቄና መልስ ጌሞች አንዱን ይዤ ገባሁ። ሙዚቃው ይደልቃል፤ ሰከንዱ ይቆጥራል፤ ቶሎ የነካ ብዙ ነጥብ ይወስዳል፤ የአንደኛው ስም ግድግዳው ላይ ይወጣል። ምን ልበላችሁ፣ ክፍሉ ስታዲየም ሆነ! ሊገመግመኝ የመጣው መምህር እጄን ጨብጦ «ዘመናዊ አስተማሪ» አለኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ጠግቤ ነበር።

በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ምርጫውን አውጥቼ በወረቀት ሰጠኋቸው። አንደኛ የወጣው ልጅ ባዶ ወረቀት መለሰልኝ። ጠርቼ ብጠይቀው ሳቅ ብሎ፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ጥያቄውን አላነብም፤ ረጅሙን መልስ ነው የምነካው» አለኝ። ማታ ጥያቄዎቼን አውጥቼ ባያቸው ልጁ እውነቱን ነው። ትክክለኛው መልስ እንከን እንዳይወጣለት እያልኩ ሳብራራ፣ ሳብራራ፣ ከሌሎቹ ሁሉ አስረዝሜዋለሁ። ስለ ሴል ምንም አልተማረም፤ የእኔን አመል ግን ጥርት አድርጎ አጥንቷል። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ነበረች። ስድስት ሰው በአንድ ስልክ ሲከብ የሚነካው ጣት የአንድ ሰው ነው፤ እሷ ጋ አልደረሰም። መልሶቹን በደብተሯ ስትጽፍ ቆይታ በወረቀቱ ፈተና ሁሉንም በራሷ አማርኛ አስረዳችኝ። በዚያ በስታዲየሙ ቀን ግን ዜሮ ነጥብ ነበራት።

«ጥፋቱ የጥያቄ አወጣጥህ እንጂ የጌሙ አይደለም» ይሉኛል ወዳጆቼ። ግማሹን እቀበላለሁ። ግማሹ ግን የጌሙ ነው፤ ቆም ብሎ ያሰበውን በሰከንድ እየቀጣ፣ ሳያነብ የነካውን የሚሸልም ሕግ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ስለ ሽልማትም ካነሣን፣ በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሥዕል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ወስደው ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁልን ሽልማት አለ» አሏቸው፤ ሌሎቹን ሳይነግሩ ሸለሟቸው፤ የቀሩትን ምንም አልሰጧቸውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ሲታዩ፣ ሽልማት እየጠበቁ የሣሉት ልጆች በሥዕሉ ላይ ያጠፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ሆነ። ልብ በሉ፤ ሥዕሉን ቀድሞውንም ይወዱት ነበር። በነጥብ ጋጋታ የምናስተምር ሰዎች ይህን ሳናውቅ ስንት የሚወድ ልጅ አስጠልተን ይሆን?

ታዲያ ጌም ሁሉ ይውደም ነው የምለው? በፍጹም። በ1971 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዶን ራዊች የሚባል፣ እንደኔው ለማስተማር ልምምድ የወጣ ተማሪ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሁለት ሳምንት ያህል «የኦሪገን ጉዞ» የሚባለውን ጌም ሠራ። ስክሪን እንኳ አልነበረውም፤ ጥያቄውም መልሱም በቴሌታይፕ ወረቀት ላይ ነበር የሚታተመው። ልጆቹ ወደ ምዕራብ አሜሪካ በጋሪ የሚጓዙ ሰፋሪዎች ናቸው፤ በእጃቸው 700 ዶላር አለ። ለበሬ ስንት? ለምግብ ስንት? ለጥይት ስንት? ለልብስ የሰሰተ ተራራው ላይ ብርድ ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ ረጅሙን መልስ መንካት የለም። ትምህርቱ ራሱ የጨዋታው ሕግ ነው፤ ነጥብ ለማግኘት የሚከፈል ቀረጥ አይደለም። ልጁ ሲሸነፍ ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል።

ይህን ካመሰገንኩ በኋላ ደግሞ ከሱስም ከነጥብም የምፈራውን ልናገር። በዚያው ጌም ውስጥ ከፊት ለፊት ፈረሰኞች ይመጣሉ፤ ጠላት ይመስላሉ ይባላል፤ ትሸሻለህ ወይስ ታጠቃለህ? ተጫዋቹ ሁልጊዜ ያለው ጋሪው ላይ ነው። ጋሪው የሚያልፍበት አገር ባለቤቶች እንደ በሽታና እንደ ዝናብ የመንገድ አጋጣሚ ናቸው። በመጽሐፍ ቢሆን ልጁ አንብቦ «ይኸ ነገር እንዲህ ነው እንዴ?» ሊል ይችላል። በጌም ግን ለመጫወት መጀመሪያ ሕጉን መቀበል አለበት፤ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ ማሸነፍ ነው የሚያሳስበው። በ2021 ለወጣው አዲስ ቅጂ የነባር ሕዝቦች ታሪክ ምሁራን ተጠርተው ነባሮቹም ተጫዋች ሆኑ። ሃምሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው!

እንግዲህ ጌም ይግባ የምትሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የማን ጋሪ ላይ ልታስቀምጡን ነው? የውጪውን እንዳለ ጭነን ከማምጣት ራሳችን እንሥራ ብንል እንኳ ጥያቄው አይለቀንም። ከአፋር ምድር አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ መቀሌ ይወጣ ስለነበረው የግመል ቅፍለት ጌም እንሥራ እንበል፤ ውሃ ስንት፣ መኖ ስንት፣ በሌሊት ወይስ በቀን? ግሩም የጂኦግራፊ ትምህርት ይወጣዋል። ግን ተጫዋቹ ማን ነው? ነጋዴው ከሆነ ጨው ቆራጩ ዋጋ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጨው ቆራጩ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው ምኑ ላይ ነው የሚሸነፈው? ይህን የሚከራከር ክፍል ስክሪን ሳይከፍት ብዙ ይማራል።

እኔም በቀረችኝ አንድ ሳምንት ስልኮቹን ለየባለቤታቸው መልሼ ጥያቄ የማውጣቱን ሥራ ለተማሪዎቹ ሰጠሁ። ያ አንደኛ የወጣው ልጅ ከኋላ ወንበሯ ልጅ ጋር ሆኖ አምስት ጥያቄ ይዞልኝ መጣ፤ በአምስቱም ረጅሙ መልስ ስህተት ነበር። «ቲቸር፣ እስቲ ይሞክሩት» አሉኝ። ሦስተኛው ላይ ያዙኝ።