ጉልት የተቀመጠችው ሴት ተነሥታለች

የወሎ ሴት ዐይንና አንገት ሲዘፈን የማያጨበጭብ ከመካከላችን ማን አለ? ያችው ሴት በመርሳ ወይም በግራና ገበያ ቲማቲም ዘርግታ ፀሐይ ሲያከስላት ግን፣ እኛ ተማርን ባዮቹ ወደ እርሷ ጎንበስ የምንለው ዋጋ ለማስቀነስ ብቻ ነው።

ይህን ውሸታችንን እ.ኤ.አ. በ1953 ወልድያ የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን አጋልጠውታል። በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ያስተማሩት እኒህ ሰው «የሕይወት ምሰሶዎች» በተባሉት ሥዕሎቻቸው የጉልት ቸርቻሪ ሴቶችን ይሥላሉ። ጉልት መሬት ላይ መጎለት ነው፤ እርሳቸው ግን አስነሥተው አቆሟቸው፤ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸራውን የሞሉ። የቤት ምሰሶ ደግሞ በእኛ አፍ አባወራው ነው። ያንን ማዕረግ ለሴቷ ሰጧት! በአፍ የተሰጠ ወንድነት እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ከሆነ፣ በተፈጥሮ የተተከለ ነው እያልን እስከ መቼ እንምላለን?

«ታዲያ የሴትነት ውበቷ የታለ?» የሚል አይጠፋም። ወዳጄ፣ አንተ የምትሻው ዕቃ ነው። በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ የሴት ገላ ለምኞትህ አልተዘረጋም፤ ለሽያጭ የተዘረጋው ሽንኩርቱ ነው።

(አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል፤ ምሰሶ አይደክምም፣ እነርሱ ግን ይደክማሉ።)

ሥዕሎቹ ሎንዶን ድረስ ሄደው ታይተዋል። እዚህ ወልድያ ሠዓሊውን የሚያውቅ ተማሪ ስንት ነው? ማኅበራችን ቅጂዎቹን አስመጥቶ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ይስቀል፤ የግራና ነጋዴ እናቶችም ተጠርተው ይምጡና ይፍረዱ።